ሳጠፋው የሚበራው ኮንቨርተር

ዜሮን የሚንቅ ሰው ካለ ወደ እኔ ላኩልኝ። ብዙ አልጨቀጭቀውም፤ አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ። «ዜሮ ምን ትመስላለች?» «ክብ ናት» ካለኝ፣ «በል ካርቱም ሂድና ኮንቨርተር ግዛ፤ ከዚያ እናወራለን» ብዬ አሰናብተዋለሁ።

እኔ ራሴ ክብ ናት ከሚሉት ነበርኩ። እንዲያውም እርግጠኛ ነበርኩ። የተማርኩ ሰው ነኛ! ኮምቦልቻ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። የፊዚክስ አስተማሪያችን ስለ ኤሌክትሪክ ሲያስተምር ደግሞ ከክፍሉ ውስጥ ያልተኛነው እኔና ጥቁር ሰሌዳው ብቻ ነበርን። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ዕቃ ሳይ እጄ አያርፍም። ካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር የምሠራበት ቤት የእመቤቴን ካውያ ፈትቼ ጠግኛለሁ። ይሠራል። የተረፈኝንም ብሎን በክብር አስቀምጬዋለሁ።

ነገሩ የመጣው በዘሃራ ኒካህ ነው። ዘሃራ የአገሬ የወሎ ልጅ ናት፤ አል-ማንሺያ የሰው ቤት ትሠራለች። እኔና እሷ አርካዊት ሰፈር ከአንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ግቢ አንዲት ክፍል ለሁለት ተከራይተን፣ እረፍት ስናገኝ እዚያ እንገናኛለን። ሽማግሌው ዐም ኢድሪስ ይባላሉ። ረክሻ አላቸው፤ እኛ ባጃጅ የምንላት ናት። በዚያ ሰሞን ግን ረክሻቸው ቤንዚን አጥታ ግቢ ውስጥ ቆማ፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ትጥልባት ነበር።

ሰሞኑ የሽግግር ጊዜ የሚሉት ነው። ሱዳኖቹ አሮጌውን መንግሥት በጩኸት አውርደው፣ አዲሱ ገና ወንበሩን እያመቻቸ ነው። ለዳቦ ሰልፍ አለ። ለቤንዚን ሰልፍ አለ። ለመብራት ሰልፍ እንኳ የለም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል። «ከህረባ ጋጥዓ» ይሏችኋል፣ መብራት ጠፍቷል ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ እንደመጣሁ ሰው ሁሉ ሲገናኝ ስለሚለው ሰላምታ መስሎኝ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ?» እያልኩ እመልስ ነበር።

የዘሃራ ኒካህ ለዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከአስር ሶላት በኋላ፣ ተቆረጠ። ሙሽራው ጀማል የቀን ሥራ ሠራተኛ ነው፤ ከሲሚንቶ ጋር ሲውል ሽበታም መስሎ ይገባል፣ ሲታጠብ ወጣት ይሆናል። አባቷ በሕይወት ስለሌለ የአጎቷን ውክልና ዐም ኢድሪስ ቀደም ብለው ተቀብለዋል። የቀረ ነገር የለም ስንል ዘሃራ አንድ ነገር አስቀረች።

«እማዬ በስልክ ሳትሰማ አልታሰርም።»

«በኋላ ትሰማዋለቻ!»

«በኋላ የሚሰማ ወሬ ነው። እኔ እየታሰርኩ ትስማ። ያለ እሷ ድምፅ እሺ አልልም፤ ወላሂ አልልም።»

እናቷ ደግሞ የዋዛ አይደሉም። ይህችን ለመስማት ከገጠር ተነስተው፣ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት አድረው፣ የዘመዳቸውን ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው ሊጠብቁ ነው። እኛ ዘንድ ግን መብራት ከሄደ ሰንብቷል። የዘሃራ ስልክ ሞቷል። የእኔም፣ የዐም ኢድሪስም ሞቷል። የጀማል ስልክ ቻርጅ ቢኖረው እንኳ መስታወቱ ተሰባብሮ፣ የነካ ጣቱ ይደማል። ጀነሬተር ያለው ሱቅ እንዳንሄድ ለዓርብ የተቃውሞ ሰልፍ ተጠርቷል፤ መንገዱ በድንጋይና በጎማ ይዘጋል ተብሏል።

«ለመብራቱ አታስቢ፣ ለእኔ ተዪው» አልኳት። ይህንን አፌን አንድ ቀን አስመረምረዋለሁ።

ሐሳቤ ቀላል ነው። ከቆመችው ረክሻ ባትሪዋን መፍታት። ባትሪዋ አሥራ ሁለት ቮልት ትሰጣለች። ስልክ የሚፈልገው አምስት ነው። በተጨማሪ የዘሃራ እመቤት ለሙሽራ መቀመጫው የሚሰቀል፣ እንደ ዶቃ የተሰካካ የትንንሽ አምፖል ገመድ ሰጥታታለች፤ እሱ የሚሠራው በሦስት ቮልት ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለቱን ተቀብሎ በአንድ በኩል አምስት፣ በሌላ በኩል ሦስት የሚሰጥ መቀየሪያ ያስፈልገኛል።

«ለአምፖሉ ሁለት ባትሪ ድንጋይ ብንገዛስ?» አለች ዘሃራ።

እንዴት እንዳየኋት ብታዩ! አሁን ሳስበው ከሁላችን ብልጧ እሷ ነበረች፤ ያኔ ግን ፊዚክስ ያልተማረ ሰው አሳዘነኝ።

ሐሙስ ከሥራ አስፈቅጄ ሱቀል ዐረቢ ወደሚባለው ገበያ ወረድኩ። አረብኛ እናገራለሁ፤ እናገራለሁ ብቻ ሳይሆን እሳደብበታለሁ። ማንበቡን ግን አልተማርኩም። ታክሲውን በጩኸቱ እለያለሁ፣ ብሩን በቀለሙ፣ ሰውን በጫማው። ምን ያስነብበኛል? መቀየሪያ በአረብኛ ሙሐዊል እንደሚባል ዐም ኢድሪስ ስለነገሩኝ፣ አንዱን በረንዳ ላይ የቆመ ሰው «ሙሐዊል ዳይራ» አልኩት፤ ሙሐዊል እፈልጋለሁ ማለቴ ነው።

«ሀበሺያ፣ ተዓሊ፣ ነይ!» አለና በአንድ ጠባብ ደረጃ ወደ ላይ መራኝ። ከመስታወት በስተጀርባ አንድ ያገሬ ሰው ካልኩሌተር ይዞ ተቀምጧል።

«እህቴ፣ ለደሴ ነው ለአዲስ?»

«ለአርካዊት ነው።»

«ከካርቱም ለአርካዊት?»

«አዎ። ከአሥራ ሁለት ወደ አምስት።»

ካልኩሌተሩን አስቀመጠ። «ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ ብቻ ነው የሚደርሰው? ሰባቱን ማን ሊበላው ነው?»

«እሱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።»

ሰውየው ተነስቶ ቆመ። «ስሚ እህቴ፣ እኛ ስማችንን ጠብቀን ነው የምንሠራው! ማን ነው የላከሽ?»

ሐዋላ ቤት ነበር የገባሁት። ለካ እዚህ አገር ሀበሻ ሴት «ሙሐዊል» ካለች፣ ለቤተሰብ የምትልከው አላት እንጂ የምትቀይረው ቮልት አላት ብሎ የሚያስብ የለም።

እየተነጫነጭኩ ወርጄ ስጠይቅ ስጠይቅ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ጥግ ደረስኩ። ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ ያወጣልኝ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ የብረት ትራንስፎርመር ነው፤ የግድግዳውን ሁለት መቶ ሃያ ወደ መቶ አሥር የሚያወርድ። ከበደኝና ወደድኩት፤ የከበደ ዕቃ የማይበላሽ ይመስለኛል። ደግነቱ ግድግዳችን ራሱ መብራት እንደሌለው ትዝ አለኝ። ቀጥሎ የመኪና ባትሪን ወደ ቤት መብራት የሚቀይር፣ ሲበራ እንደ ንብ ቀፎ የሚጮህ ሳጥን አመጣ። እሱ ደግሞ የረክሻዋን ባትሪ ቁርስ አድርጎ ይበላታል። በመጨረሻ ከመሳቢያው ጥግ የክብሪት ቤት የምታህል አረንጓዴ ቦርድ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«አሥራ ሁለት ትገባለች። በዚህ በኩል ይወጣል፣ በዚያም በኩል ይወጣል። ሦስት ወይ አምስት፣ እንደፈለግሽ» አለኝ።

ምርጫው የሚደረገው በሁለቱም በኩል አንዳንድ ባለች ጃምፐር ነው። ጃምፐር የስንዴ ፍሬ የምታህል ጥቁር ቆብ ናት፤ ከቀጫጭን መርፌዎች ላይ ነቅሎ አንድ ቦታ ስትሰኳት ሦስት፣ ሌላ ቦታ ስትሰኳት አምስት፣ መሀል ስትሰኳት ጠፋ። ቦርዷ አገልግላ የመጣች ስለሆነች ጽሑፏ ተፍቋል። ሰውየው ደግ ነው፣ ነጭ ቀለም አምጥቶ በየመርፌዎቹ ሥር ምልክት አደረገልኝና በሩጫ አረብኛ ያስረዳኝ ጀመር።

«ዓርፋ» አልኩት። አውቃለሁ ማለት ነው።

«አሥራ ሁለት ትንሽ ይበዛባታል፣ ዘጠኝ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ትሞቃለች...»

«ዓርፋ፣ ዓርፋ!»

በዚህ ቃል ምክንያት የሞተ ሰው ካለ ነፍሱን ይማር፤ እኔ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ ሥራዬን ጀመርኩ። ዘሃራ ሂና ተቀብታ፣ እንዳይበላሽባት እጆቿን እንደተማረከ ወታደር ወደ ላይ አንስታ ተቀምጣለች። ዐም ኢድሪስ ባትሪያቸውን ፈተው አመጡ፤ ዶሮዋ እየጮኸች ተከተለቻቸው። እኔ አንድ የቻርጀር ገመድ ቆርጬ፣ ቀዩንና ጥቁሩን ልጬ፣ ለስልኩ አዘጋጀሁ። ከዚያ ቦርዷን አገላብጬ የሰውየውን ምልክት አነበብኩ።

በአንዱ ጫፍ ክብ አለ። በሌላው ጫፍ ሁለት ጥርስ ያላት ዱላ አለች። መሀል ላይ አንዲት ነጥብ።

ክቡ ግልጽ ነው፣ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ማለት ጠፋ ነው። ጥርሳሟ የተጋደመች ሦስት ትመስላለች፤ ሦስት ናት። ነጥቧስ? ቀለም ነው የተንጠባጠበበት። አምስቱን ምልክት ሊያደርግ ሲል እጁ ተንቀጥቅጦ ይሆናል። ሽማግሌ ነው፣ ይፈረድበታል?

የአምፖሎቹን ጃምፐር ጥርሳሟ ላይ ሰካኋት። በሩ! ያቺ ክፍላችን እንደዚያ አምራ አታውቅም። ዘሃራ እጇን እንዳነሳች እልል አለች፤ ዐም ኢድሪስ «ማሻአላህ! መሀንዲሳ!» አሉኝ። ኢንጂነር መባሌ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላፈርኩም፤ እንዲያውም ዘግይቷል ብዬ አሰብኩ።

የስልኩን ጃምፐር ነጥቧ ላይ ሰካሁ። ዝም። ገመዱን አገላበጥኩ። ዝም። ጃምፐሯን ወደ ጥርሳሟ ወሰድኳት። ዝም። የስልኩን አፍ በመርፌ ጠረግኩ፣ በሽቶ አጠብኩ፣ ተፋሁበት፣ ለመንኩት። ዘሃራ ከላይ ሆና «ምን አለ? ምን አለ?» ትለኛለች።

«እያሰበ ነው» አልኳት።

«ስልኩ?»

«ዝም በይ፣ እኔም እያሰብኩ ነው።»

እንግዲህ አንድ ጠንቃቃ ሰው ምን ያደርጋል? ገመዱን ፈትቶ እንደ አዲስ ከማሰሩ በፊት ሁሉንም ያጠፋል። የፊዚክስ አስተማሪያችን «መጀመሪያ አጥፉ!» እያለ ነው ጉሮሮው የነቃው። ስለዚህ የአምፖሎቹን ጃምፐር ነቅዬ፣ በጥንቃቄ፣ ዜሮው ላይ ሰካሁት።

ቤቱ ነጭ ሆነ። መብራት አልኩት እንጂ መብረቅ ነው። አምፖሎቹ ሳጠፋቸው በዚያ ዓይነት አበራር በርተው የዘሃራ ጥላ ግድግዳው ላይ ጥፍሯ ሳይቀር ታየ። ዐም ኢድሪስ «ብስሚላህ!» ብለው ዘለሉ። ከዚያ ከአንደኛው ጫፍ ጀምሮ ጭል፣ ጭል፣ ጭል እያሉ ሁሉም ሞቱ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ዶሮዋ በሩን ጥሳ ወጣች።

«አጥፍቼው ነበር እኮ» አልኩ።

«ስታጠፊው እንዲህ ከሆነ ስታበሪው አላህ ይጠብቀን» አሉ ዐም ኢድሪስ።

ዜሮዋ እሳት ናት ብዬ ወሰንኩ። ያቺን ቦታ ስልኩን ይዤ ልጠጋት? አላበድኩም! የዘሃራ ስልክ በዚያ ብርሃን ቢቃጠል እናትየው የሚሰሙት ኒካህ አይደለም፣ የእኔን ለቅሶ ነው።

በዚህ መሀል ጀማልና ኒካሁን የሚያስሩት ሼኽ ገቡ። መንገዱ ተዘግቶባቸው፣ በጎማ ጭስ መሀል በእግር ስለመጡ የሙሽራው ነጭ ጀለቢያ አመድ መስሏል። ሼኹ ግን ቁጡ አይደሉም፤ ጉዳዩን ሰምተው ስልካቸውን አወጡ። የድሮ የቁልፍ ስልክ ናት፤ ቻርጇ ሞልቷል! እልል ልንል ስንል ውጭ አገር የሚያስደውል ሒሳብ የላትም። የዘሃራን ሲም እንክተት ብለን ከተትን። ሲሙ ተቆራርጦ ተቆራርጦ የምስር ክክ አክሏል፤ በሼኹ ስልክ ሰፊ ሆድ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ስልኩን ገልብጠን ከበሮ እንደምንመታ ስንደልቀው ቆይተን ነው ወጥቶ ወደ ዘሃራ ስልክ የተመለሰው።

«ልጄ» አሏት ሼኹ ለዘሃራ፣ «የእናትሽ ዱዓ በስልክ ብቻ አይደለም የሚደርሰው። እንጀምር?»

ዘሃራ እጇ ሂና፣ ፊቷ እንባ ሆነ። እንባዋን የምትጠርግበት እጅ የላትም፤ ጀማል በጀለቢያው እጅጌ ሲጠርግላት ጉንጯን አመድ አደረጋት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ብቻ ነው ያየችው» አለች። «ድምፄን ብቻ። ዛሬ እሱንም?»

ያን ጊዜ ነው አፌ ጥፊ እንደሚገባው የተሰማኝ፤ ያንን ሁለት ባትሪ ድንጋይ ያልገዛ አፍ።

ሼኹ ተነፈሱ። «ሌላ ኒካህ አለብኝ፣ በእግሬ ነው የምሄደው። ኸምሳ ላይ እነሳለሁ» አሉና በክፍቱ በር በኩል የሚታየውን የዐም ኢድሪስን የግድግዳ ሰዓት በጣታቸው አሳዩን።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ሀበሾች ካርቱም ስንኖር ሰዓትን ከእጁ እንጂ ከቁጥሩ አናነብም። ቁጥሩን ካየን ተሳሳትን፤ እነሱ አምስት ሲሉ እኛ አሥራ አንድ ነን። ያንን ሰዓት መቼም ስገባ ስወጣ አየዋለሁ፤ ግን የቱ እጅ ወዴት እንደተጋደመ እንጂ ዙሪያው ምን እንደተጻፈ ዓይቼ አላውቅም። ኸምሳ፣ አምስት፣ ማለት የእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ነው ብዬ፣ አጭሩ እጅ ወዴት እየሄደ እንደሆነ በዓይኔ ተከተልኩ። የሚሄድበት ቦታ ላይ የተጻፈውን አየሁ።

ክብ።

ሰዓት ላይ ዜሮ? ከመቼ ወዲህ ነው ሰዓት ዜሮ ያለው?

«ሼኻችን!» አልኩ፤ እየጮኽኩ ነበር። «ያ ክቡ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ያ! እጁ የሚሄድበት! ክቡ!»

ሼኹ የሰይጣን ነገር የያዘኝ መስሏቸው ቀስ ብለው መለሱልኝ። «ኸምሳ ነዋ፣ ልጄ። አምስት።»

«ዜሮስ? የእናንተ ዜሮ ምን ትመስላለች?»

ዐም ኢድሪስ አቧራው ላይ በጣታቸው ጫፍ ጠቅ አደረጉ። ነጥብ። የተንጠባጠበው ቀለም። እኔ ስልኩን ዜሮ ላይ ሰክቼ ስለምነው፣ አምፖሎቹን ደግሞ ሦስት መጠጣት የለመደ ሆዳቸው ላይ አምስት ስግታቸው ነው የዋልኩት!

በሰው ጉልበት ላይ ተረማምጄ ደረስኩ። የስልኩን ጃምፐር ነቅዬ ክቡ ላይ ሰካኋት። ስልኩ ለትንሽ ጊዜ ኮራብን፤ ከዚያ ቀይ ባትሪ ምስል ብልጭ አለች። እልልታው ግቢውን አናወጠው። ሼኹ ሳይቀሩ «ተክቢር!» አሉ።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። ቦርዷ ላይ ያለችው ጥቁር ቁራጭ መጋል ጀመረች፤ ስነካት ጣቴን ጠበሰችኝ። ሐዋላ ቤት የጠየቁኝ ሰባቱ ቮልት ይኸውና! ስልኩ ይበራል፣ ትግላለች፣ ይጠፋል። ትበርዳለች፣ ይበራል፣ ደግሞ ትግላለች።

«አራግቡላት!» አልኩ።

ጀማል የከሰል ማራገቢያውን ይዞ ተንበረከከ። ሙሽሪት እጇን አንስታ ተቀምጣ፣ ሙሽራው ጀርባውን ሰጥቷት ቦርድ ያራግባል። ሲሚንቶ የለመደ ክንድ ነው፤ የዘሃራ ሻሽ ሳይቀር ተነሳ። «ቀስ በል፣ ታበራታለህ!» ይላሉ ዐም ኢድሪስ። «ዝም በሉ፣ መጥፋቷ ነው የቸገረን!» እላለሁ እኔ። ስልኩ በርቶ ቆመ። ደወልኩ።

ገና አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሳ። «ዘሃራዬ?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። ዘሃራ «እማ» ብላ ሌላ ቃል አልመጣላትም። እናትየው ግን ቃል አላነሳቸውም። «በሉ እሰሩልኝ፣ እየሰማሁ ነው፣ እዚሁ ነኝ» አሉ። ሼኹ ስልኩን መሀል አስቀምጠው ቀጠሉ፤ ኒካህ በሕይወቴ እንደዚያ በፍጥነት ሲታሰር አላየሁም። ጀማል «ተቀብያለሁ» ያለው እያራገበ ነው። ዘሃራ እሺ ስትል ከኮምቦልቻ የእናትየው እልልታ መጣ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቤታችን ውስጥ እንዳሉ ሆኖ። እሱ መሀል ላይ ጀማል ማራገቢያውን ጥሎ ተነሳ፤ ሙሽራ ነው፣ ምን ይደረግ! ቦርዷ ጋለች፣ ስልኩ ጠፋ።

እልልታው ግን አልተቋረጠም፤ ከእናትየው አፍ ተቀብለን ጨረስንላቸው። ሼኹ ሰዓቱን አይተው ጫማቸውን አጠለቁ። እጁ ገና ክቡ ላይ አልደረሰም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያቺን ቦርድ ማንም እንዳይሳሳትባት ወሰንኩ። የሰውየውን ቀለም ፍቄ፣ በዘሃራ የጥፍር ቀለም የማይምታታውን የአገሬን ቁጥር፣ የግዕዙን፣ ጻፍኩባት፤ በዚህ ጫፍ ፭፣ በዚያ ጫፍ ፫። ግዕዝ እንደሆነ ዜሮ የሚባል ነገር የለውም፤ ስለዚህ መሀሉን ባዶ ተውኩት። ዓይቼው ዓይቼው ደስ አለኝ። ይኼን የሚሳሳት ሰው አይገኝም አልኩ።

ባለፈው ዐም ኢድሪስ ለራዲዮናቸው ተዋሱኝ። በሦስት የምትሠራ፣ ከአባታቸው የወረሷት ራዲዮ ናት። «አጠቃቀሙን ላሳይዎት?» ብላቸው እጃቸውን አወናጨፉብኝና «ዓርፋ፣ ዓርፋ!» አሉኝ፤ እየኮረጁኝ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ግቢው በጭስ መሀል ሆነ፤ ዶሮዋ ጮኸች። ዐም ኢድሪስ ራዲዮዋን እንደ ሕፃን ታቅፈው በራችን ላይ ቆሙ።

«አንቺ ሀበሺያ» አሉኝ፣ «ሁለቱም እግርና ባርኔጣ ያለው በርጩማ አይደል እንዴ? የትኛው በርጩማ ነው ሦስት?»